አንደኛ መደብ

የሙያዬ ሕግ እንዲህ ይላል፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤
«አለች» ብለሽ አታውሪላት፣ «እኔ» ብለሽ መልሺ።
አፏ ነሽ፣ ለአርባ ደቂቃ፤
ሰዓቱ ሲሞላ አፍሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ በቃ።

ጥር ነው። ሱ ፎልስ በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ፣
ፏፏቴው ገደሉ ላይ ቀርቷል፣ እንደ ተቋረጠ ጨዋታ።
ሁለተኛ ፎቅ። መስኮቱ ሥጋ ፋብሪካውን ያያል፤
የጭሱ ጥላ ጠረጴዛችንን አቋርጦ ያልፋል።
ሦስት ወንበር። አንድ ቅጽ። ሶፍት፣ ከነካርቶኑ።
ማርሊስ፣ ነርሷ፣ ስትጠይቅ ቀና አትልም፤ ረጅም ነው መሰል ቀኑ።

«ስምሽ?»
«ወይንሸት።»
ፊደል በፊደል ነገርኳት።
«ትርጉም አለው?» አለች ማርሊስ፣ ጨዋታ ማስጀመሯ መስሏት።
ወይንሸት ሳቀች። ጥርሷ ደህና ነው፤ ሳቋ ነው የተሸረፈው።
«ንገሪያት፤ አባቴ ነው ያወጣው።
መጠጥ ደጃችንን አይረግጥም ነበር፤
በስሜ በኩል ገባ እንጂ፣ የት አግኝቶ ሌላ በር!»
ይህንንም «አባቴ» እያልኩ ተረጎምኩት፤
የኔን አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠጅ ሲያወርድ ነው ያወቅሁት።

«መቼ መቼ ትጠጫለሽ?»
«ድሮ ከፈረቃ ስወጣ፣ እጄ ከቢላዋው ሲላቀቅ፤
ቀጥሎ ከመግባቴ በፊት፤ አሁን ጥርሴን ሳልፍቅ፣
ልጆቹ ሳይነቁ፣ ሻወሩን ከፍቼ፣
ከነልብሴ፣ በሩን በጀርባዬ ዘግቼ።»

እኔ፣ ጥርሴን ሳልፍቅ። እኔ፣ ከነልብሴ።
አንድ ቃል እንኳ አላነቀውም፤ ወዲያው ለመደው ምላሴ።

«ኖላዊ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠርሙሱን ካልሲ መሳቢያ ውስጥ አገኘው።
ሁሉንም አልደፋው፤ ግማሹን ደፍቶ፣ ውሃ ሞልቶ መለሰው።
አወቅሁ። ማወቄንም አወቀ። አልተነጋገርንም፣ እሱም እኔም።
ውሃውን ጠጣሁለት፤ ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም።»

ማርሊስ ሶፍቱን ገፋች፣ ወደ ሁለታችንም።
ገጽ ገለበጠች። ድምጿ አልተቀየረም።
«አልጋ አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ።
ታናሿን ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ግን የለንም ቦታ።
ትልቁን የሚይዝልሽ ዘመድ ከሌለ፣ ጊዜያዊ ቤተሰብ ይፈለግለታል።»
«ጊዜያዊ ቤተሰብ» አልኩ ባማርኛ።
ሁለቱ ቃላት ከዚያ በፊት ጎን ለጎን ቆመው የሚያውቁ አይመስሉም።

በሰዋስው «እኔ» አንደኛ መደብ ነው።
መደብ ደግሞ መኝታ ነው፣ ግድግዳ ተደግፎ ከጭቃ የሚሠራው።
ያን ጠዋት ሁለቱም ጠበቡኝ፤
ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ የማይተኛበት፣ ምን ዓይነት መደብ ነው?

ዝም አለች። ዝምታ አይተረጎምም፤ ጠበቅሁ።
ከዚያ ወደ ነርሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ሸሸሁ።
«እህቴ፣ አደራ።»
እንግሊዝኛዬን፣ በወፍራም ጓንት ቁልፍ እንደሚፈልግ፣ ስዳብስ፣ ስፈራ፣
«እባክሽ» ብቻ ሆኖ ወጣ።
«እባክሽ ምን?» አለች ማርሊስ። ቀና ብላ አየችኝ። መልሱ ከኔ አልመጣ።

የክፍያ ቅጼ ላይ፦ አርባ ሁለት ደቂቃ። ተጨማሪ አስተያየት፦ የለም።
ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የሷ ግን ስትፈርም… የለም፣ አልናገርም።

ኮሪደሩ ላይ ኖላዊ እህቱን ታቅፎ ቺፕስ ይሰብርላታል።
ቤት ውስጥ የናቱ አስተርጓሚ እሱ ነው፤ የመብራቱንም፣ የቤት ኪራዩንም ደብዳቤ ያነብላታል።
እንደ ባልደረባ አየኝና
«ምን አለች?» አለኝ።
ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ። አልጠቀመኝም።

«ስለ ውሃው አመሰግናለሁ አለች» አልኩት።
ጨመርኩ። «አለች»ም አልኩ።

አላመነኝም መሰል። አጎነበሰ፤
በግራና በቀኝ የተሳሳተውን የእህቱን ጫማ
አውልቆ አስተካከለ፤
ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረው፣
ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመው።